በመስቀሉ እግር የቆመችው

ዘመኑ አሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ሊገባደድ ጥቂት የቀረው ነበር፤ መድፍ የሚሉት መሣሪያ የከተማን ቅጥር እንደ ደረቅ ዳቦ መቁረስ የለመደበት፣ የትናንቱ መስፍን ዛሬ ስደተኛ፣ የትናንቱ ጭፍራ ዛሬ ገዥ የሚሆንበት ዘመን። በዚያ ዓመት የዝናቡ ወራት አልፎ ወንዙ መጥራት ሲጀምር፣ ምሥራቃዊ ቅጥሯ የፈረሰባት አንዲት ከተማ ቁስሏን በፀሐይ ታደርቅ ነበር፤ ድንጋይ ጠራቢዎች በፍርስራሹ ላይ እንደ ጉንዳን ይወጣሉ ይወርዳሉ፤ በአደባባዮቿ የድል አድራጊው ንጉሥ ሰንደቅ ይውለበለባል፤ ሰዉም ጎረቤቱን ሰላም የሚለው ዙሪያውን ገልመጥ ካደረገ በኋላ ነበር።

ከወንዙ ዳር፣ በቆዳ ፋቂዎች መንገድ መጨረሻ፣ ባለ አንድ ፎቅ የሰዓሊ ቤት ነበረ። ሰዓሊ ያለ ሙጫ አይሠራም፤ ሙጫም የሚፈላው ከቆዳ ፍቅፋቂ ነውና የሁለቱ ሙያ ጉርብትና የቆየ ነው። «እዚህ መንገድ ላይ ቅዱሳንን ለመሳል መጀመሪያ አፍንጫን ማስመነን ነው» እያሉ የቤቱ ባለቤት ይቀልዱ ነበር። እኚህ ሽማግሌ በዘመናቸው ስመ ጥር ሰዓሊ ነበሩ፤ አሁን እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ብሩሹን ለልጃቸው አስረክበው ቀለም መውቀጥና መፍጨት የእርሳቸው ድርሻ ሆኗል፤ እጃቸው ቢንቀጠቀጥም ምላሳቸው ግን አልተንቀጠቀጠም።

ልጃቸውን ከተማው እመት ቀለም ይላታል። አርባ ዓመት ያለፋት፣ ባሏን በወረርሽኝ ያጣች፣ ከእህቷ ልጅ በቀር ልጅ ብላ የምትጠራው ያልነበራት ሴት ነበረች። ያም ቢሆን የትናንት ነው፤ ዛሬ እርሱም የለም።

ከተማይቱ በተያዘች ሰሞን፣ በቅጥሩ ላይ ሲዋጉ የተማረኩት ወጣቶች በእህል ገበያው አደባባይ በስቅላት እንዲቀጡ ተፈርዶ ነበር፤ እናቶቻቸውም በአንድነት ተሰብስበው፣ ለንጉሡ ፍርድ መገዛታቸውን ለማሳየት እንዲንበረከኩ አዋጅ ተነገረ። ከወጣቶቹ አንዱ የእመት ቀለም የእህት ልጅ ነበር። ከእናቶቹ ፊተኛዋም ታላቅ እህቷ፣ የላይኛው ሰፈር ዳቦ ጋጋሪ ነበረች። ከበሮ ተመታ፤ እርሷ አልተንበረከከችም። ከአጠገቧ ያለችውም አልተንበረከከችም፤ ከዚያችም ወዲያ ያለችው። ወታደሮች በጦር ዘንግ ትከሻ ትከሻቸውን ገፉ፤ ሴቶቹ ተንገዳገዱ እንጂ አልወረዱም፤ ሁሉም ነገር እስኪያበቃ ድረስ ቆመው ዋሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከተማው ስለዚያ ነገር በሹክሹክታ ብቻ ያወራ ነበር፤ ሹክሹክታ ደግሞ ግድግዳ አያግደውም፤ ከገዥው ጆሮም ደረሰ።

እንግዲህ በዚያ በመጥራት ላይ በነበረው ወንዝ ዳር፣ አንድ ጠዋት የገዥው አጋፋሪ ከሁለት ዘበኞች ጋር መጥቶ የሰዓሊውን በር አንኳኳ።

«ክቡር ገዥው፣ የንጉሡ እንደራሴ፣ ለታላቁ ቤተ ክርስቲያን የስቅለት ሥዕል ያበረክታሉ» አለ፣ ካባውን ከቀለም ጠብታ እየሰበሰበ። «ሥራው ለዚህ ቤት ተሰጥቷል። እመቤታችን በመስቀሉ እግር ሥር ራሷን ስታ፣ ከመሬት ወድቃ፣ በሴቶች ተደግፋ ትሳል። የክቡርነታቸው ፈቃድ ይህ ነው።»

«ይህማ የዘመኑ ልማድ ነው» አሉ ሽማግሌው። «በየአገሩ ያለ ሰዓሊ እንዲህ አድርጎ ነው የሚስላት። ትእዛዝ ባልፈለገም ነበር።»

«ቢሆንም ታዟል» አለ አጋፋሪው፤ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ፣ «ሕዝቡ የእናትን ሐዘን ሲያይ ትሕትናን ይማራል ብለዋል» ሲል ጨመረ።

እመት ቀለም ገባት። በገበያው መሃል ያልወደቁትን እናቶች፣ ገዥው በቤተ መቅደስ ውስጥ ሊጥላቸው ፈልጓል። አባቷ ዓይኗን አይተው፣ መልስ ሳትሰጥ በፊት፣ «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» አሉና እጅ ነሱ፤ አጋፋሪውም ወጣ።

እምቢ ብትል አባቷን በስተርጅና ወደ ወህኒ መስደድ ነበር። ነገር ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ ይህንን ልንደብቅላት አይገባም። የታላቁ ቤተ ክርስቲያን የመንበር ሥዕል ለሴት እጅ ተሰጥቶ አያውቅም፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በአባቷ ስም ስትስል፣ የሳለችውን መልአክ ሌላ ሰው ሲመሰገንበት ኖራለች፤ ልቧ ሥራውን ወዶታል። እህቷ ወሬውን በሰማች ቀን የዳቦ ቤቱን በር ዘጋችና በሠራተኛዋ በኩል አንድ ቃል ሰደደች፦ «እህት የለኝም በሏት።»

ሥራው ተጀመረ። ከደረቀ ጥሩ እንጨት የተሰነጠቁ ሳንቃዎች ጎን ለጎን ተጣብቀው ተላጉ፤ በላያቸው አሮጌ የተልባ እግር ጨርቅ በሙጫ ተለጠፈ፣ እንጨቱ ቢሰነጠቅ ሥዕሉ እንዳይሰነጠቅ፤ በጨርቁም ላይ የነጭ ድንጋይ ዱቄት በሙጫ ተለውሶ በላይ በላዩ ተቀባ፣ እየደረቀ እየተፋቀ፣ የእንቁላል ቅርፊት እስኪመስል ድረስ። ሽማግሌው ጉንጫቸውን አስጠግተው ይዳስሱትና፣ «ገና ነው፤ ይሻክራል» ይላሉ፤ ልጃቸውም እንደገና ትፍቃለች።

ስለ ቀለም ማዋሃጃም ይጨቃጨቁ ነበር። ነጋዴዎች ከሩቅ አገር ያመጡት አዲስ ብልሃት ቀለምን በተልባ ዘይት ማሸት ነው፤ እመት ቀለም ወዳዋለች፤ አባቷ ግን የእንቁላል ሰው ናቸው።

«ዘይት ለሰላጣ ነው» ይላሉ። «አስኳል ቶሎ ይደርቃል፤ የደረቀውም አይለቅም። በሳህን ላይ ያደረ እንቁላል አጥበሽ አታውቂም?»

«ዘይቱ ግን ብርሃን ያሳልፋል፣ አባባ። እንደ መስተዋት ነው።»

«መስተዋት ከፈለግሽ መስተዋት ሠሪ ጋ ሂጂ!»

ሥዕሉ ምን ምን እንደሚይዝ ግን አይከራከሩም፤ ያ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ነበርና። ከመስቀሉ ሥር በትንሽ ዋሻ ውስጥ የአዳም የራስ ቅል ይሆናል፤ የክርስቶስ ደም በእንጨቱ ወርዶ እዚያ ይንጠባጠባል፣ በፊተኛው ሰው የገባው ሞት በኋለኛው እንደ ታጠበ ለማሳየት። በቀኝ ፀሐይ ይጠቁራል፤ በግራ ጨረቃ ትቀላለች። ከበስተኋላ ሰማይም ተራራም አይኖርም፤ ወርቅ ብቻ ነው፣ ማለዳና ማታ የሌለበት የእግዚአብሔር ብርሃን። ወርቁም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነው፤ ከሥሩ ቀይ ሸክላ አፈር ይቀባል፣ ቢጫው እንዳይበርድ፤ ከዚያ ሰዓሊው በአፈሩ ላይ ሞቅ ያለ እስትንፋሱን እፍ ብሎ ያስቀምጠዋል፤ ወርቁም ራሱ ዘሎ ይይዛል። «አዳምም እንዲህ ነው የተሠራ» ይሉ ነበር አባቷ፤ «ከቀይ አፈርና ከእስትንፋስ።» የእመቤታችን ቀሚስ ቀይ፣ መጎናጸፊያዋ ሰማያዊ ነው፤ ቀዩ ከእኛ የነሣችው ሥጋ፣ ሰማያዊው የለበሰችው ጸጋ። ለዚያ ሰማያዊ የሚሆነው ድንጋይ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል፤ ስለዚህ ለእርሷ ካልሆነ ለማንም አይነካም ነበር።

እመት ቀለም ሥዕሉን በከሰል ነደፈች። ክርስቶስን ነደፈች፤ መቶ አለቃውን፣ ሴቶቹን፣ ደቀ መዝሙሩን፤ እናቲቱንም እንደ ታዘዘው ከመሬት ጣለቻት። አጋፋሪው መጥቶ አየና ራሱን ነቀነቀ፤ ለገዥውም መልካም ዜና ይዞ ሄደ፤ ሥዕሉ እስኪመረቅም ዳግም አልመጣም። እርሷ ግን እጇ አልታዘዝ አላት። የወደቀችውን ሴት ፊት ስታብሰው ስትስለው፣ ፊቱ ሁልጊዜ ባዶ ሆኖ ይቀር ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን በቀትር፣ የደረጃው እንጨት ሲንቋቋ ተሰማ፤ ታላቅ እህቷ፣ ክንዷ እስከ ክርኗ ዱቄት እንደ ለበሰ፣ በበሩ ቆመች።

«መጣችልኝ ብለሽ ደስ እንዳይልሽ። የመጣሁት አባቴን ላይ ነው» አለች።

«እኔማ ይኸው አለሁ» አሉ ሽማግሌው ከቀለም ወፍጮው አጠገብ። «አንቺ ግን ከገባሽ ጀምሮ ሳንቃውን እንጂ እኔን አላየሽኝም።»

ዳቦ ጋጋሪዋ ወደ ሳንቃው ተጠግታ፣ በከሰል የተነደፈችውን የወደቀች ሴት በጣቷ አመለከተች።

«ይቺ ማናት?»

«እመቤታችን ናት፣ እትዬ።»

«ምን ሆና ነው እንዲህ የተዘረረችው?»

«ከሐዘን ብዛት ራሷን ስታ ነው... እንዲህ ነው የሚሳለው።»

«ልጇስ?»

«ልጇ ያው... መስቀሉ ላይ።»

«ነፍሱ አለች ገና?»

«አለች።»

«እያየ ነው?»

እመት ቀለም «እያየ ነው» አለች።

እህትየው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ተመለሰች። ስትናገር ድምጿ ዱቄት እንደምትጠይቅ ሰው የተረጋጋ ነበር።

«እኔ ያን ቀን ለምን እንደ ቆምኩ ታውቂያለሽ?»

«ገዥውን ንቀሽ ነው። ከተማው ሁሉ እንዲያ ነው የሚለው፤ በዚያም ይኮራብሻል።»

«ገዥው የት እንደ ቆመም አላየሁ። ልጄን ነበር የማየው። ከላይ ሆኖ ዓይኑ ይንከራተት ነበር፤ እኔን ሲፈልግ። ትንሽ ሳለ ገበያ መሃል ሲጠፋብኝ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው፤ አያለቅስም፣ ዓይኑን ብቻ ያንከራትታል። ብንበረከክ ያ ሁሉ ወታደር ይጋርደኛል። ብወድቅ ያጣኛል። ቆምኩ፤ አገኘኝ። እንዳገኘኝ ፊቱ ረጋ።» በክንዷ ላይ ያለውን ዱቄት አራገፈች። «ጉልበቴማ ከድቶኝ ነበር፤ ዋሽቼ ምን አደርጋለሁ። ግን ልጅ እያየ እናት አትወድቅም። ቤቴ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ ነው የወደቅኩት።»

የቀለም ወፍጮው ድምፅ ቆሞ ነበር። ሽማግሌው በእጅጌያቸው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ እጅጌው ላይ የነበረው ቀይ ቀለም በጉንጫቸው ላይ ቀረ።

እመት ቀለም ከመደርደሪያው ላይ መፋቂያውን አነሣች።

«ልጄ» አሉ አባቷ። «ሳንቃ ቢፋቅ ሌላ ነጭ መደብ ይቀባል። አንገት ቢቆረጥ ግን የሚይዘው ሙጫ የለም።»

«ፈሩ እንዴ፣ አባባ?»

«ፈርቻለሁ እንጂ! ያልፈራ ሰው የት አይተሽ ታውቂያለሽ?» ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ ሳንቃው መጡ። «ፍቂው። ከፋቅሽው ግን በወጉ ፍቂው፤ ከሥር ጭቅቅት ከቀረ ቀለሙ አይይዝም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳቦ ጋጋሪዋ ምድጃዋን አራግፋ እንደ ጨረሰች በየቀኑ መጥታ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት በማይገባበት በሰፊው መስኮት አጠገብ ትቆም ነበር። «እጅሽን ያኔ የት አድርገሽው ነበር?» ብላ ጠየቀቻት ሰዓሊዋ። «ቀሚሴን ጨብጬ» አለች እህትየው፤ እንደዚያው ጨበጠችው። ደረት የሚመታ እጅ፣ ወደ ሰማይ የሚዘረጋ እጅ ሰዓሊዎች ሁሉ ያውቁ ነበር፤ የገዛ ቀሚሱን ጨብጦ ሰውነቱን የሚያቆም እጅ ግን ማንም ገና አልሳለም። ጣቶቹ ከቀዩ ቀሚስ ጋር ተቆላልፈው፣ አጥንታቸው ከቆዳው ሥር ነጭ ሆኖ ወጣ።

ፊቱ ብዙ ቀን ወሰደ። መጀመሪያ አረንጓዴ አፈር በስሱ ተቀባ፤ ሥጋ ከሥሩ አረንጓዴ ከሌለው ሰም ይመስላልና። በላዩ ጽጌረዳማው፣ በላዩ ብርሃኑ፤ በጸጉር ጫፍ ብሩሽ፣ ጭረት ከጭረት ጎን፣ ከጥላ ወደ ብርሃን እየወጣች። ለወጣት ገጽ የፈዘዘ አስኳል፣ ለጎለመሰ ገጽ የደመቀ አስኳል ይመረጣል፤ ሽማግሌው በየጠዋቱ እንቁላሎቹን በመስኮቱ ብርሃን እየሰበሩ ለታላቋ ልጃቸው ፊት የሚስማማውን ራሳቸው መረጡ። ዓይኖቹ ላይ ስትደርስ ግን እንባው እምቢ አለ፤ በአስኳል ሲሳል ኖራ ይመስላል።

«እንግዲህ ያንን ዘይትሽን አምጪው» አሉ አባቷ በመጨረሻ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው። «እንቁላል እንባ አያውቅም። ለማንም ግን እንዳትነግሪ።»

እንባው በዘይት ተሳለ፤ በዓይኗ ሞልቶ ቆመ እንጂ አልወረደም። ዓይኖቿም ወደ ላይ፣ ወደ ልጇ፤ የልጇም ዓይኖች ወደ እርሷ። ከሥዕሉ ሁሉ ውስጥ እርስ በርስ የሚተያዩት እነርሱ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

ሥዕሉ የሚመረቅበት እሑድ ደረሰ። ታላቁ ቤተ ክርስቲያን እስከ በሩ ሞላ፤ ገዥው በወርቅ ዘርፍ ካባ፣ ሰይፉን ታጥቆ፣ ከጭፍሮቹ አለቆች ጋር ከፊት ቆመ፤ ሊባርኩ የመጡትም የመንበረ ጵጵስናው መምህር ነበሩ፣ መጻሕፍትን በማወቅ የተከበሩ፣ ቀጭንና ጸጥተኛ ሰው። መጋረጃው ተገፈፈ።

ቀጥሎ ከሴቶቹ ወገን እንደ ነፋስ ያለ ትንፋሽ ወጣ፤ መቆሟን አይተው ነበርና።

ገዥው ፊቱ ተለዋወጠ። «ሰዓሊዋ ትቅረብ» አለ። እመት ቀለም ቀረበች። «ትእዛዜ ደርሶሻል?»

«ደርሶኛል፣ ክቡር ሆይ።»

«ምን ነበር ያዘዝኩት?»

«ወድቃ እንድትሳል ነበር። ወድቃም ስያት ነበር።» ወደ ሥዕሉ ቀና ብላ አየች። «ነገር ግን ልጇ ከላይ ሆኖ እየፈለጋት፣ ከመሬት ልተዋት አልቻልኩም፣ ክቡር ሆይ።»

ገዥው ወደ መምህሩ ዞረ። «አባቴ፣ ይህ የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት መድፈር አይደለምን? ሰዓሊዎች ሁሉ ወድቃ አይደለም የሚስሏት?»

መምህሩ «ነው» ቢሉ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር፤ የሚያጡት ነገር አልነበረም፤ «አይደለም» ቢሉ ግን የሚያጡት ብዙ ነበር። ወደ ሥዕሉ ቀርበው ረጅም ጊዜ አዩት።

«እውነት ነው፣ ብዙ ሰዓሊዎች ጥለዋታል» አሉ። «ወንጌል ግን አልጣላትም። ከመስቀሉ አጠገብ ቆማ ነበር ይላል እንጂ ወደቀች የሚል ቃል እኔ አላነበብኩም። ይህችን ሥዕል የሚነቅፍ፣ ወንጌላዊውን ይነቅፋል። እኔ ግን እባርካታለሁ።»

ባረኩም።

ገዥው ከንፈሩን ነከሰ፤ የሥዕሉንም ፊት እንደገና አየው፤ አወቀው። በሕዝቡ ውስጥ ዓይኑን ሲያማትር ዳቦ ጋጋሪዋን አገኛት።

«አንቺ ነሽ» አለ። «ያን ቀን በገበያው አልንበረከክም ያልሽው አንቺ ነሽ።»

ሕዝቡ ግራና ቀኝ ተከፈለላት። ቀስ ብላ መጣች፤ ገዥውን አልፋ ከመስቀሉ ፊት ደረሰች፤ ሁለት ጉልበቷንም በድንጋዩ ወለል ላይ አኖረች።

«ዛሬ ተንበርክኬያለሁ፣ ጌታዬ» አለች፣ ዘወር ሳትል። «የምንበረከክለትን አውቃለሁ።»

ከኋላዋ ሌሎቹ እናቶች ተንበረከኩ፤ ከእነርሱ ኋላ ቆዳ ፋቂው፣ ድንጋይ ጠራቢው፣ ነጋዴው፤ መላው ጉባኤ እንደ ነዶ ተኛ። የጭፍሮቹ አለቆችም አንዱ ባንዱ እየተያዩ ጉልበታቸውን አጠፉ። በዚያ ሰፊ አዳራሽ በእግሩ የቀረው ገዥው ብቻ ሆነ። የንጉሥ እንደራሴ በክርስቶስ መስቀል ፊት ብቻውን ተገትሮ ሊቀር አይቻለውም፤ እጁን ከሰይፉ እጀታ ላይ አነሣና፣ ከዳቦ ጋጋሪዋ ኋላ ተንበረከከ። ሽማግሌው ሰዓሊ በዓምዱ ሥር ሆነው ይህን አዩ፤ ኋላም ሲናገሩ፣ «ስንት ዘመን ሳልኩ፣ እንዲህ ያለ ሥዕል ግን አላየሁም» ይሉ ነበር።

ቅጣቱ ዘግይቶ መጣ። ሥዕሉን መንካት አልተቻለም፤ ሰዓሊዋ ግን ከእንግዲህ ለማንኛውም ቤተ ክርስቲያን እንዳትስል ተከለከለች፤ በሥዕሉም ላይ ስሟ እንዳይጻፍ፣ የገዥው ማኅተም ብቻ በግርጌው እንዲሆን ታዘዘ። መምህሩ ወደ አንድ ሩቅ ገዳም ተላኩና እዚያው ዐረፉ። እመት ቀለም አባቷን ይዛ ከዳቦ ቤቱ ፎቅ ላይ ገባች፤ ለሠርግ ሣጥኖችና ለየቤቱ ግድግዳ ትንንሽ ሥዕል እየሠራች ኖረች። ሁለቱ እህትማማቾች በአንድ ጣሪያ ሥር አረጁ፤ ጎረቤት እንደሚለው፣ የማይጨቃጨቁበት ቀን ቢኖር አንዷ ስትታመም ብቻ ነበር።

የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ለዚያች ከተማ ግማሽ ገጽ ሰጥቷታል። ገዥውን «ለጋስና መንፈሳዊ፣ ታላቁን ቤተ ክርስቲያን ባማረ የስቅለት ሥዕል ያስጌጠ» ይለዋል፤ በገበያው የተሰቀሉትን ወጣቶች «ጥቂት ሁከተኞች» ብሎ ያልፋቸዋል፤ ስለ እናቶቻቸው፣ ስለ መምህሩ፣ ስለ ሰዓሊዋ አንዲት መስመር የለውም። ኋላ የመጡ ሊቃውንትም ሥዕሉን ሲመረምሩ፣ በእጁ ጽናት ተደንቀው፣ «ስሙ ያልታወቀ ታላቅ ሰው ሥራ» ብለው ጻፉ፤ ሴት ትሆናለች ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። ታሪክ እንዲህ ነው፤ ማኅተም ያለበትን ያነባል።

ሆኖም የዚያን ጸሐፊ መጽሐፍ ለመግለጥ ፊደል መቁጠር ያሻል፤ ወደ ቤተ መቅደሱ ለመግባት ግን በር መግፋት ብቻ ይበቃ ነበር። ከገዥው በኋላ ሌላ ገዥ መጣ፤ ከዚያም ሌላ፤ የሁሉም ስም እየተፋቀ በላዩ ሌላ ተጻፈ። በእነዚያ ሁሉ ዘመናት ልጃቸውን ለጦርነት የሸኙ፣ ለወህኒ የተቀሙ፣ ለበሽታ ያስረከቡ ሴቶች አንገታቸውን ደፍተው እየገቡ፣ በዚያች ቀሚሷን በጨበጠች እናት ፊት ጥቂት ቆይተው ይወጡ ነበር፤ ማን እንደ ሳላት አያውቁም፤ ለምን እንደ ቆመች ግን አንዳቸውም ጠይቀው አያውቁም።